የስሪዴቪ ልደት በሉማሜ

የናፍታ ጭስ ከእርጥብ ጋቢ ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ሽታ አለ። አዲስ አበባ መብራት ጠፍቶ አንዱ ባለሱቅ ጄኔሬተር ሲያስነሣ፣ ዝናብ የያዛቸው ሰዎችም በረንዳው ሥር ሲታጨቁ ያ ሽታ ይመጣል። ያኔ እኔ ሉማሜ ነኝ። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተሠራች የአዋበል ወረዳ ከተማ። በክረምት ዋልካው እግር ይዞ አልለቅም የሚልባት፣ ጥቅምት ሲገባ ዙሪያዋ ሁሉ የጤፍ ማሳ የሚሆን፣ የባሕር ዳር አውቶቡሶች ጥሩንባቸውን እየነፉ የሚያልፏት ሉማሜ።

ቪዲዮ ቤቱ ከጎዳናው ገባ ብሎ፣ በጭቃ የተመረገ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተከደነ አንድ ክፍል ነበር። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይጮኻል፤ ጭሱ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። አግዳሚዎቹ በወጉ ያልተጠረቡ የባሕር ዛፍ ግንዶች ስለ ነበሩ ሰው ፊልሙ እስኪያልቅ ይቁነጠነጣል። ሴት ልጅ እዚያ ገባች ከተባለ ስሟ ገበያ ይወጣል። እኛ ግን በር ላይ ሳንቲም የሚቀበለው ልጅ የጓደኛዬ የአክስት ልጅ ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ነጠላችንን ተከናንበን ከኋላ ጥግ እንቀመጣለን።

ጓደኛዬን በስሟ አልጠራትም፤ ዛሬ የራሷ ቤትና ልጆች ያሏት ሰው ናት። ያኔ እርስ በርሳችን «እታለም» ነበር የምንባባለው፤ እዚህም እታለም ልበላት።

«ናጊና» የተባለውን የሕንድ ፊልም ያየነው እዚያ ቤት ነው። እባቧ ሴት ስትሆን፣ ሴቲቱም ዓይኗ ተለውጦ ወደ እባብነት ልትመለስ ስትል፣ ሲያፏጭና ሲሳደብ የነበረ ጎረምሳ ሁሉ ጸጥ ይላል። ሕንድኛ የሚሰማ የለም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንዱ ከፊት ሆኖ «አሁን ይነቃባታል፤ ቆይ ጠብቁ» እያለ ይመራናል። እታለም ግን ታሪኩን አትከተልም ነበር። እሷ የምታየው ተዋናይቷን ስሪዴቪን ነው፤ የቅንድቧን አነሣስ፣ ስትቆጣ ከንፈሯ ምን እንደሚሆን፣ ልታለቅስ ስትል መጀመሪያ የምታደርገውን። በማግሥቱ ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ እንስራዋን ታስቀምጥና ያንኑ ፊት ታሳየኛለች። ሕንዳዊቷን ብቻ አልነበረም። ቅቤ የምትከለክል ነጋዴ፣ ልጃቸውን የዳሩ እናት፣ ግብር የሚሰበስብ ሰው፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተዋናይ አይቻለሁ፤ ብሔራዊ ቴአትር ተቀምጬ ያጨበጨብኩላቸውም አሉ። የእታለም ዓይነት ፊት ያለው ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። ይህን የምለው ጓደኛዬ ስለሆነች አይደለም።

ደብተር ነበራት። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕጉ ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ የታተሙት የመዝናኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ ተነበው ካበቁ በኋላ በኪሎ እየተሸጡ የገጠር ከተማ ሱቅ መጠቅለያ ይሆኑ ነበር። ስኳር፣ ቡና፣ ኮረሪማ ተጠቅልሎ የመጣበትን ሁሉ እታለም ትዘረጋና ታነባለች። የተዋናይ ወይም የዘፋኝ ፎቶ ካለበት ቆርጣ በዱቄት ሙጫ ደብተሯ ላይ ትለጥፋለች። ደብተሩ የቡና ሽታ ነበረው፤ ከሙጫው የተነሣም አይጥ ጥጉን ይበላው ነበር። አንድ ቀን ከስኳር መጠቅለያ ላይ የስሪዴቪ ፎቶ ከነታሪኳ ተገኘ። የተወለደችው በአውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 13 ቀን 1963። በአራት ዓመቷ ፊልም ላይ ቆማለች። ገና በ13 ዓመቷ ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ሆና ተጫውታለች። እታለም ይህን ጮክ ብላ ደጋግማ አነበበችው። አራት ዓመት ማለት ለእኛ ጫጩት ከጭልፊት የሚጠበቅበት ዕድሜ ነው። እሷን ግን ከሁሉ ይልቅ የገረማት ቀኑ ነበር። «ቀኗን ታውቀዋለች?» አለችኝ። «ደግሞ ሌላውም ሰው ያውቅላታል?»

እኛ ዘንድ የልጅ መወለድ የሚታወሰው በዓመቱ ነገር ነው። እናቴ የተወለደችው «በግብሩ ግርግር» ነው ይባላል፤ በ1960 ዓ.ም. ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብለው በተነሡበት ዓመት። ከእሷ የሚበልጡት «ጣልያን በወጣ በስንተኛው ክረምት» ይላሉ። ከእኛ የሚያንሱት የመሬት ድልድሉ ልጆች ናቸው፤ በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደገና ሲሸነሸን የተወለዱ። ቀኑ ደግሞ በታቦት ይያዛል፦ «በሚካኤል ዋዜማ»፣ «የኪዳነ ምሕረት ዕለት»። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። ትምህርት ቤት ሊመዘገብ የመጣ ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል ይባልና መምህሩ መዝገቡ ላይ የመሰለውን ዓመት ይጽፍለታል።

የኔ ቀን ተጽፎ ነበር። አባቴ መምህር ስለነበር የልጆቹን ሁሉ ልደት በዳዊቱ የኋላ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰፍር ነበር። ይህ ትንሽ ነገር በሁለታችን መካከል ምን ያህል ርቀት እንዳስቀመጠ ያኔ ማን አስቦት!

አያቴ የሚያውቁት የሰው ልደት አንድ ብቻ ነበር፤ ሐምሌ 16። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱበት ዕለት፣ እሳቸው ዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነበር። ጭጋጉ ከዛፍ ጫፍ በማይነሣበት፣ ገበሬው ጤፍ ሊዘራ ማሳውን በሚደጋግምበት ወቅት የሚውል በዓል። አያቴ ሲያወሩት ቅሬታ አይሰማባቸውም። ቀን ያለው ሰው አንድ ብቻ መሆኑን እንደ ዝናብና ፀሐይ ተቀብለውት ነበር። የቀሩት ልደቶች የሰማይ ናቸው። ታኅሣሥ 29 የጌታ ነው፤ ግንቦት 1 የእመቤታችን። ግንቦት ልደታ ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ ንፍሮና ዳቦውን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ቡናውም ሜዳ ላይ ይፈላል። ልጅ እያለሁ ከበዓል ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነበር፤ በማንም ቤት ውስጥ የማይደረግ፣ የሁሉም የሆነ ልደት።

እታለም የመጠቅለያውን ቀን ይዛ ወደ አባቴ መጣች። አባቴ በጣቱ ቆጥሮ «ነሐሴ 7» አላት። «ነሐሴ 7 ቀን 1955 ዓ.ም.። ጽንሰታ።» እመቤታችን የተፀነሰችበት ዕለት፣ ፍልሰታ ጾም እኩሌታው ላይ። እታለም ያን ዕለት ምንም አላለችም። ፍልሰታ ሲገባ ግን ነገሩን ጨርሳ መጣች። «ከአሁን ወዲያ የተወለድኩት ነሐሴ 7 ነው» አለችኝ። እናቷ ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። «ጽንሰታ ከሆነማ መልካም ቀን ነው» ብለው ዝም አሉ።

ያን ነሐሴ 7 ቅዳሴ እስኪያልቅ ጾመን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። የእነሱ ጓዳ ውስጥ የሽምብራ ንፍሮ በሰፌድ ተቀመጠ። ሻማ ስላልነበረን ከቤተ ክርስቲያን የመጣች የጧፍ ቁራጭ አበራን። የልደት መዝሙርም አናውቅም። እልል አልን። እታለም ነጠላዋን በወገቧ አስራ የስሪዴቪን ጭፈራ ጨፈረች። ቆርቆሮው በዝናቡ ከመጮኹ የተነሣ የራሳችንን ሳቅ እንኳ አንሰማም ነበር። ደብተሯን አምጥታ ከስሪዴቪ ፎቶ ጎን የራሷን ስም ጻፈችና ከሥሩ ቀኑን አሰፈረች። የዓመተ ምሕረቱን ቦታ ክፍት ተወችው።

በጥር 1995 ዓ.ም. ተዳረች።

እታለምን ማንም አልጠለፋትም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ ዳስ ተጥሎ ነው። ሽማግሌዎቹ «ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች» ሲሉ የሚያቆማቸው ወረቀት አልነበረም። ለጆሮና ለእጅ እንደተደረገው ዓይነት ግምት ነው ለትዳርም የተደረገው። እኔ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል እማር ስለነበር ከ13 ብዙ እንዳላለፈች አውቃለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ሴት ልጅ ከ15 በታች አትዳርም ነበር። በዚያው በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ዕድሜውን 18 አደረገው። ሕጉ ሊከበር የሚችለው ግን ዕድሜ ሲታወቅ ነው። ሴት ልጅ በለጋነቷ በመዳር ከኢትዮጵያ ክልሎች ሁሉ የኛ ክልል ቀዳሚ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያልተቆጠረ ዕድሜን ማንም እንደፈለገው ይቆጥረዋል።

የሠርጉን ቀን ከነድምፁ አስታውሰዋለሁ። ጠላው፣ እልልታው፣ የበቅሎዋ ቃጭል። ሚዜዎቹ ተሸክመዋት ወጡ፤ ሙሽራ ተሸፍና ነው የምትወጣው። ስንት ሰው ይዛ ትኖር የነበረችበትን ያን ፊት በዚያ ቀን አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ እኔ ማርቆስ፣ ከማርቆስም አዲስ አበባ ገባሁ። ዓመታት አለፉ። በጥር 2006 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል «ድፍረት» የተባለ የኢትዮጵያ ፊልም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ ሲባል ሰማሁ። በየካቲት ደግሞ በርሊን ላይ ተመሳሳይ ሽልማት ወሰደ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሥራ ነው። አንጀሊና ጆሊ በፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጥታዋለች። የታሪኩ መነሻ እውነት ነው፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ቆመላት። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ መዓዛ አሸናፊ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው ነበር። በፊልሙ ላይ እሳቸውን ሆና የተጫወተችው፣ በ«ዳና» ድራማ የምናውቃት ሜሮን ጌትነት ናት። ልጂቱን፣ ኂሩትን፣ የሆነችው ትዝታ ሀገሬ ናት።

ፊልሙን ሳይ ሌላውን ሁሉ ትቼ ትዝታን ነበር የማየው። መጀመሪያ ላይ ኂሩት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ አለች። ወደ አምስተኛ ክፍል ማለፏን ሰምታለች፤ ደብተሯን ይዛ በሜዳው ላይ ስትሄድ ፈረሰኞቹ ይከቧታል። የተዋናይት ችሎታ የሚታየው በጩኸቱ ላይ ይመስለን ይሆናል፤ እኔ ያየሁት ከጩኸቱ በፊት ነው። ፈረሶቹን አይታ ገና ምን እንደሆነ ሳይገባት፣ ደስታው ፊቷ ላይ ለጥቂት ጊዜ ሳይጠፋ ይቆያል። ለትወናው ዓለም አዲስ የሆነች ልጅ ይህን ከየት አመጣችው? መልሱን የሰጠኝ ያ የሉማሜ የውሃ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት ቤት አይሰጥም፤ ከልጅ ጋር ይወለዳል፤ የሚቀረው አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ፊቷ ላይ መቆሙ ነው። ትዝታ ጋ ቆመ። ካንድ ክረምት ወደ ሌላው ስሟ ውቅያኖስ ተሻገረ።

የመጀመሪያው የአገራችን ረጅም ፊልምም ዋና ገጸ ባሕርዩ ኂሩት የምትባል ሴት ናት። በ1957 ዓ.ም. የታየው «ኂሩት አባቷ ማነው?» ማለቴ ነው፤ በላምብሮስ ዮካሪስ አዘጋጅነት፣ በአበበች እጅጉ መሪ ተዋናይነት። ከዚያ አስቀድሞ እነ አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ እስኪወጡ ድረስ የሴትን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ነበር። በሁለቱ ኂሩቶች መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። የፊተኛዋን ኂሩት አርእስቱ ራሱ ስለ አባቷ ይጠይቃታል። የኋለኛዋ የቀረበባት ጥያቄ ራሷን መከላከል ትችል ነበር ወይ የሚል ነው። ግንቦት 2007 ዓ.ም. ላይ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም፣ በያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ ቅድስት ስዩም የተጫወተቻት ጽዮን ደግሞ ትዳሩን ትታ ጋዜጣ የምታነብ ልጅ ናት። ጋዜጣ የምታነብ የገጠር ልጅ! ስክሪኑ ላይ ሳያት ሳልፈልግ እንባዬ መጣ። የስኳር መጠቅለያ ታወሰኝ።

አሁን የታዋቂ ሰው ልደት ማንም ሳይጠይቅ በየስልኩ ይመጣል። የእገሊት ልደት ዛሬ ነው፤ ኬኩ ይሄ ነው፤ ከእሷ ጋር ደግሞ የተወለዱት እነ እገሌ ናቸው። ይህን ከንቱ ነገር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልነቅፈውም። ነሐሴ 7ን ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ ወስዳ የራሷ ያደረገች ልጅ አውቃለሁ። ዝነኛ ሰው ከሕዝቡ የሚለየው በገንዘብና በውበት ብቻ አልነበረም፤ መቼ እንደመጣ የሚታወቅ መሆኑም ነበር። እታለም የተመኘችው ይህን ነው፤ ከዚህም በላይ ይገባት ነበር።

የዛሬን አያድርገውና መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ሉማሜ ወርጄ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል። አንድ ካፌ መስታወት ውስጥ የልደት ኬክ ተደርድሯል፤ ፊኛም አለ። እታለም ጤፍ ሸጣ ከገበያ ስትመለስ አገኘኋት። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። የመጨረሻ ልጇ የተወለደችው በ2008 ዓ.ም. ክረምት አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀቷ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። አውጥታ አሳየችኝ። «አየሽ? ቀን አላት፤ ማኅተምም አለው» አለችኝ። ስሪዴቪ መሞቷንም ያን ቀን ነገርኳት፤ የካቲት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ዱባይ ላይ። «ስንት ዓመቷ ነበር?» አለች። 54 አልኳት። «ለቀብሯ ብዙ ሰው ወጣ?» ብላ ጠየቀች። ሙምባይ በሰው ተጨናንቃ እንደነበር ነገርኳት። ለአንድ አፍታ ያ የድሮው ፊቷ፣ ልታለቅስ ስትል መጀመሪያ የምታደርገው ነገር፣ መጣና ሄደ። ወዲያው ቡና ልታፈላ ተነሣች።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አልሄድኩም። በክልላችን የተነሣው ጦርነት መንገዱንም ትምህርት ቤቱንም እየዘጋ፣ ኔትወርኩም እየጠፋ፣ ድምጿን የምሰማው አልፎ አልፎ ነው። በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቃት ልጅቱ ተማረች ወይ ብዬ ነው። ክፍል ሲዘጋ ሴት ልጅ ወዴት እንደምትሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። «ሽማግሌ ቢመጣስ?» አልኳት አንዴ። «ወረቀቱን አሳየዋለሁ። ቢፈልግ አንብቦ ይመለስ» አለችኝ፤ ድምጿ ውስጥ ያ ግብር ሰብሳቢው ሰውዬ ነበረበት።

ሰሞኑን የደወለችው ስለ ራሷ ጉዳይ ነው። ባንክ ፋይዳ መታወቂያ ካላመጣሽ ብሏት ልትመዘገብ ሄዳለች። መዝጋቢው የልደት ቀኗን ሲጠይቃት ሳታመነታ ነሐሴ 7 አለችው። ዓመቱን ግን ማንም አልነገራት። «አስበሽ ነገ ነይ» ተባለች። ስልኩ ላይ ሁለታችን ቁጭ ብለን ቆጠርን። በመሬት ድልድሉ ዓመት ጥጃ ትጠብቅ ነበር። ኢሕአዴግ ጎጃምን ሲይዝ እናቷ አዝለዋት ጫካ አድረዋል፤ ግን በእግሯም ትሄድ እንደነበር ይናገራሉ። በአንዱ ስንመጣ 1981፣ በሌላው ስንመጣ 1982 ይሆናል። ካርዱ እያለቀ ነበር።

«82 በይው» አለችኝ። «አንድ ዓመት እንኳ ላትርፍ።»